የነገሩሽን ቁጥር ብቻ ጻፊ

ሚሚዬ፣

ትናንት ማታ ድምፅሽን ስለሰማሁ ስለ ጤናሽ አልጠይቅሽም። ጉንፋኑ ለቆሻል። ይህን የምጽፍልሽ ስልክ ላይ ያልወጣልኝን ነው። ገና ቆጣ ስል «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ትይኝና ትዘጊዋለሽ። እንግዲህ ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሻይ አፍይና አንብቢው።

አክስትሽ ነግራኛለች። አትቆጪያት፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኳት። ልምምድ የምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት ያሉት እማማ በዚህ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይፈልጋሉ አሉ። ዓይናቸው አያይም፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል፣ አንቺን ጻፊልኝ ብለውሻል፣ እሺ ብለሻል። እስከዚህ ድረስ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዛ ግን «እሳቸው የሚሉትን ሰውዬ አልወደውም፣ የኔን እጩ ቁጥር እጽፍላቸዋለሁ፣ ለሳቸው ምን ለውጥ አለው» ብለሽ ስቀሻል።

ስቀሻል፣ ሚሚ።

የነገሩሽን ቁጥር ብቻ ጻፊ። 8 ካሉሽ 8 ነው። የማይረባ ሰው ነው ብለሽ ብታስቢም፣ ባለፈው ጎረቤት ላይ ሲጮህ አይተሽው ቢሆንም፣ የነገሩሽን ቁጥር ብቻ። እዚህ ፊንላንድ መራጭን የሚረዳ ሰው የታዘዘውን በታማኝነት መፈጸምና ሚስጥሩን መጠበቅ በሕግ ግዴታው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሕጉ አይደለም። ሕጉ አያይሽም። ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ማንም አያውቅም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ ማንም አለማወቁ።

ያለፈው ሳምንት 18 ሞላሽ። ኬኩን በቪዲዮ ነው ያየሁት፣ ሻማውን ስታጠፊ አለቀስኩ፣ አባትሽ ሳቀብኝ። ደግሞ ያን ጃኬት ይዘሽ እንዳትወጪ፣ ቀዳዳው ሳይሰፋ። ክርና መርፌ ሻንጣሽ የጎን ኪስ ውስጥ አስገብቼልሻለሁ።

እዚህ አገር እንደመጣሁ የቋንቋ ትምህርት ስማር አንቺ ሆዴ ውስጥ ነበርሽ። መምህሯ አንድ ቀን ቀይ እርሳስ ይዛ ገባች። በፈረንጆቹ 2007 ነበር፣ የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫቸው መቶ ዓመት የሚሞላበት ዓመት። ታሪኩን በቀስታ ነገረችን። ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹን በኋላ ራሴ እያነበብኩ ሞላሁት። አንቺ ትምህርት ቤት ተምረሽዋል፣ አውቃለሁ፣ ለፈተና ነው የተማርሽው ግን።

ያኔ ፊንላንድ ራሷን የቻለች አገር አልነበረችም፣ ዛር በሚባለው የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች። ምክር ቤት ተብዬው አራት ክፍል ነበረው፦ መኳንንት፣ ቀሳውስት፣ የከተማ ባለሀብቶች፣ ባለመሬት ገበሬዎች። የሰው ቤት ሠራተኛ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ፣ ሴት የተባለች በሙሉ ቦታ የላቸውም። ከተማ ውስጥ እንኳ ብዙ ግብር የሚከፍል ብዙ ድምፅ ነበረው። በእኛ እድር አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው፤ የነሱ እንደ አክሲዮን ነበር በይው። ከዛ ዛሩ በጃፓን ተሸነፈ፣ አገሩ በአመፅ ታመሰ፣ በ1905 መኸር ፊንላንዶቹ ሥራ አቁመው ባቡሩም ፋብሪካውም ቀጥ አለ። ዛሩ እሺ አለ። በ1906 አዲስ ሕግ ወጣ፤ አንድ ምክር ቤት፣ 200 መቀመጫ፣ 24 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም ይመርጣል፣ ይመረጣልም። መራጩ ባንዴ አሥር እጥፍ ሆነ። 126 ሺህ ገደማ የነበረው 1.27 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ።

ምርጫው የተደረገው ማርች 15 እና 16 ቀን 1907 ነው። በእኛ መጋቢት 6 እና 7 ቀን 1899 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አጤ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት ከዚያ ሰባት ወር ቆይተው ነው። ወረቀቱ ላይ የእጩዎች ስም በየዝርዝሩ ታትሟል። መራጩ ለብቻው ገብቶ የመረጠው ዝርዝር ላይ በቀይ እርሳስ መስመር ያሰምራል። በቃ። የነሱ ቤተ ክርስቲያን ማንበብ ያልቻለ አይቆርብም፣ ያልቆረበ አያገባም የምትል ስለነበረች ድሃውም ፊደል ይለያል፤ መጻፍ ግን ብዙው አይችልም። መስመር ለማስመር ደግሞ መጻፍ አያስፈልግም።

መምህሯ እርሳሱን እያዟዟረች ሁላችንንም ወረቀት ላይ አሰመረችን። ሶማሊያዊቷም፣ ቬትናማዊቷም፣ እኔም። ያኔ ነው ስለ ሚና ሲላንፓ የነገረችን።

በ1866 የተወለደች የድሃ ልጅ ናት። በ12 ዓመቷ ጥጥ ፋብሪካ ገባች። በ18 ዓመቷ፣ በአንቺ ዕድሜ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። ሄልሲንኪ ላይ የቤት ሠራተኞችን ማኅበር መራች። በዚያ ምርጫ 19 ሴቶች ተመረጡ፣ በዓለም ላይ የመጀመሪያዎቹ የፓርላማ ሴቶች፣ ከነሱ አንዷ እሷ ናት። በ1926 ደግሞ በአገሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆነች። ኦክቶበር 1 ቀን ባንዲራ የሚሰቀልላት እሷ ናት፤ አንቺ «ዛሬ ደግሞ የምን በዓል ነው» ያልሽኝ ቀን።

እኔ ቤሩት ሦስት ዓመት የሰው ቤት እንደሠራሁ ታውቂያለሽ። ማዳሟ ፓስፖርቴን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ነበር፣ የእሁድ ዕረፍት ስጠይቃት ባሏን ጠርታ «ስሚ ምን እንደምትል» ብላ የሳቀችውንም ነግሬሻለሁ። እና ያን ቀን እዛ ክፍል ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፦ ማርች 15 ቀን ማዳሟም አንድ መስመር አሰመረች፣ ሠራተኛዋም አንድ መስመር አሰመረች፣ የሠራተኛዋ መስመር በማዳሟ መስመር አልቀጠነም። ትምህርቱ ሲያልቅ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እርጉዝ ስለሆንኩ ነው አልኳቸው።

አንቺን የወለድኩ ሰሞን የሆስፒታሉ ቴሌቪዥን የምርጫ ውጤት ያወራ ነበር። 200 ወንበር፣ 84 ሴት። አንቺን ታቅፌ ቆጠርኩ። በእኛ አገር ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ የገቡት በፈረንጆቹ 1957 ነው፣ ከነዚያ 19 ሴቶች ልክ 50 ዓመት ቆይቶ።

ከምርጫው ውጪ የቀረም ሰው ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። በ1907 በማዘጋጃ ቤት የድሃ መደጎሚያ የሚኖር ሰው አይመርጥም ነበር። የድሃ ቤት ውስጥ ያሉ አሮጊት ቀይ እርሳስ አይሰጣቸውም። ያንቺ እማማ ያኔ ቢሆኑ ማንም ቁጥር አይጠይቃቸውም ነበር። አሁን ግን ተጠይቀዋል። መልስም አላቸው። የነገሩሽን ቁጥር ብቻ ጻፊ።

«ምን ለውጥ አለው» ያልሽውን ደግሞ፣ እነሱም ብለውታል መሰለኝ። በዚያ ምርጫ ሶሻል ዴሞክራቶቹ፣ የሠራተኞቹ ፓርቲ፣ 80 ወንበር አገኙ፣ ከሁሉም በላይ። ከመቶ 70 የሚሆነው መራጭ ወጥቶ ነበር። ከዛስ? ሕግ ሲያወጡ ዛሩ አይፈርምም። በ1908 ምክር ቤቱን በተነው። መረጡ። በ1909 ሁለት ጊዜ በተነው። መረጡ፣ መረጡ። በ1910ም በተነው። መረጡ። በአራት ዓመት አምስት ምርጫ። ሰው ሰለቸዋ፣ በ1913 የወጣው 51 ከመቶ ብቻ ነው። በ1917 ነፃ አገር ሆኑ፣ በ1918 እርስ በርሳቸው ተፋጁ። ይህን ሁሉ ያለፈ ወረቀት ነው እጅሽ ላይ የሚሰጥሽ። ሙዝ የምትመዝኚበት ማሽን ላይ ቁጥር እንደምትጫኚው አይደለም።

እንጀራው ፍሪዘር ውስጥ ካለ ማታ አውጥተሽ አሳድሪው፣ በማይክሮዌቭ አታድርቂው። የምስር ወጡን ቅድሚያ ብዪ፣ ዶሮው ይቆያል።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። አባትሽም አያውቅም።

እምዬን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቂያት፣ ሳሎን ባለው፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችበት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እሁድ ነበር። ከቤሩት ተመልሼ ደሴ እሷ ጋ ነበርኩ፣ 22 ዓመቴ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጣን፣ ሰልፉ ግን ቀድሞን ትምህርት ቤቱን ዞሮታል። እምዬ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ነበር፣ ክንዴን ይዛ ነው የሄደችው። የምርጫ ካርዷን በመሐረብ ቋጥራ ጡቷ ሥር ነበር የያዘችው። ሰው ተራ ሊለቅላት ሲል «አይሆንም፣ ተራዬን እጠብቃለሁ» ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

እሷ የምትፈልገው ምልክት ሌላ፣ እኔ የምፈልገው ሌላ ነበር። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም፣ አይጠቅምሽም። ብቻ ያን ሰሞን ቤታችን ክርክር ነበር። እምዬ የራዲዮውን ክርክር አንድም አላመለጣትም፣ ጆሮዋን አስጠግታ ትሰማለች፣ የራሷ ምክንያት ነበራት። እኔ ደግሞ ከውጭ የመጣሁ፣ ሁሉን የማውቅ። አሮጊት ምን ይገባታል አልኩ። አዎ፣ አንቺ ያልሽውን።

ገባን። ወረቀቱን ዘረጋሁላት። «አገኘሽው?» አለችኝ። «አዎ እምዬ» አልኳት። አውራ ጣቷን ይዤ ቀለሙን አስነካሁትና እኔ የምፈልገው ምልክት ላይ አሳረፍኩት። ጣቷ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። «ደህና ተጭኗል?» አለችኝ። «ተጭኗል።» ወረቀቱን ራሷ አጥፋ፣ በእጇ ሳጥኑን ዳብሳ አገኘችው። ስንወጣ መረቀችኝ። ዓይንሽ ይባረክ አለችኝ፣ ለኔ ያየሽበት።

የዚያ ዓመት መጨረሻው ያማረ አልነበረም። ሰው ሞተ፣ ታሰረ። እምዬ ራዲዮ መስማት አቆመች። አንድ ቀን የንስሐ አባቷ ቤት መጡ፣ እኔ ቡና እያፈላሁ ነበር። «አባቴ፣ እኔም በዚህ ነገር ጣቴን አስቀምጫለሁ፣ ይፍቱኝ» ስትላቸው ሰማሁ። ያላደረገችውን ተናዘዘች ሚሚ። እኔ ያደረግኩትን። ሲኒውን አቀረብኩላቸው፣ ዝም አልኩ።

ከዛ አባትሽ አመጣኝ። ከዚህ ሆኜ ሁለት ጊዜ ልነግራት ደወልኩ። አንደኛው ጊዜ ስልኩን ሌላ ሰው ነው ያነሳው። ሁለተኛው ጊዜ «ልጅቷን አሰሚኝ» አለችኝ፣ አንቺ አፍ ላይ አደረግኩት፣ አንቺም ጮህሽ፣ እሷም ሳቀች፣ በዛው ካርዱ አለቀ። አንድ ዓመት ሲሞላሽ ሞተች። ለንስሐ አባቴም ደፍሬ አልነገርኩም። ምርጫ ኃጢአት ነው ወይ ብለው ቢስቁብኝስ?

እና ስቀሻል ሲሉኝ ለዚህ ነው ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛሁት። ክፉ ልጅ ስለሆንሽ አይደለም። የኔ ልጅ ስለሆንሽ ነው።

አሁን ስሚኝ። የእማማን መታወቂያ ከአንድ ቀን በፊት ከመሳቢያቸው አስወጪ፣ ጊዜው እንዳያልፍበት እዪ። የእጩዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንብቢላቸው፣ ሁሉንም፣ የማትወጂውንም ስም በደህና ድምፅ። ቁጥሩን ሲነግሩሽ ሁለቴ ጠይቂያቸው፣ ጆሮሽን አስጠጊ፣ አክስትሽ ድምፃቸው ቀጭን ነው ብላለች። 1ን እንደ 7 አትጻፊ፣ የእጅ ጽሑፍሽን አውቀዋለሁ። የነገሩሽን ቁጥር ጻፊ። ሲወጡ ማንን እንደመረጡ ለማንም አትንገሪ፣ ለአክስትሽም፣ ለኔም። የራስሽን ደግሞ በራስሽ ወረቀት ላይ የፈለግሽውን ጻፊ፣ አባትሽ ማንን ምረጪ ቢልሽም አትስሚው።

ቡትስሽን አድርጊ፣ በረዶው ገና አልሄደም።

አርብ በአውቶቡስ ድፎ ዳቦ እልካለሁ። ግማሹ ያንቺ ነው፣ ግማሹ የእማማ። የሳቸውን ግን ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት እንዳትሰጪያቸው፣ በማግስቱ ስጪያቸው።

እናትሽ