ከጂንካ ነው የመጣሁት በይ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ነሽ ሆዴ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፣ ያው እንደምታውቂው ነው። በስልክ መንገር እየቻልኩ የምጽፍልሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ወሬ አይዝም። ሁለተኛ፣ ስልክ ላይ «እሺ እማዬ» ትይኝና ትዘጊዋለሽ።

የአክስትሽ ልጅ ሰርግ እሑድ የካቲት 1 ነው። አንቺ ሚዜ መሆንሽ ከዓምና ጀምሮ የታወቀ ነው። ሰሞኑን አክስትሽ ቡና ልትጠጣ እኔ ጋ መጣች። ስለ አዳራሹ፣ ስለ ሥጋው፣ ስለ ዲጄው ብዙ አወራች። በረካው ላይ ስንደርስ አንቺ ያለሽበት ጂንካ የተገኘውን የማርበርግ በሽታ ነገር አመጣችው። «እኔ እንኳን ምንም አይመስለኝም» አለች። «የሙሽራው ቤተሰቦች ግን ፈሪዎች ናቸው። ልጅቷ ከተጠየቀች ከአርባ ምንጭ ነው የመጣሁት ትበል። እንዲያውም ካልተመቻት ብትቀርም አንቀየማትም።»

አንቺም ባለፈው «እማዬ፣ ብቀር ይሻላል መሰለኝ» ያልሽኝ ያለ ነገር እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

እኔ የምልሽ አጭር ነው። ትመጫለሽ። ከየት መጣሽ ላለሽም ከጂንካ ትያለሽ።

መቼም ነገሩን እዚያው ሆነሽ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ግን ሰርጉ ላይ የሚጠይቅሽ አይጠፋም። ንግግራችን አንድ እንዲሆን ለአክስትሽ ያልኳትን ልንገርሽ። ወረዳችን ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ጋ ሄጄ አስረጂኝ ብዬ ነው የጠየቅኳት። ማርበርግ እንደ ጉንፋን በአየር አይተላለፍም። ምልክት ያልታየበት ሰው ለሌላ አያስተላልፍም። የሚተላለፈው የታመመን ወይም የሞተን ሰው ደም፣ ትውከት፣ ሌላም ከሰውነት የሚወጣ ፈሳሽ በመንካት ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት የሚታየው ቢፈጥን በ2፣ ቢዘገይ በ21 ቀን ነው። ታማሚ የነካን ሰው 21 ቀን የሚከታተሉት ለዚህ ነው። ወረርሽኙ አለቀ ለማለት ደግሞ ያንን እጥፍ አድርገው 42 ቀን ይቆጥራሉ። ኅዳር 5 ቀን በሽታው ጂንካ ላይ መገኘቱ ተነገረ። ቀኑ ተቆጥሮ ሞላና ባለፈው ሰኞ፣ ጥር 18፣ አብቅቷል ተብሎ ታወጀ። በላቦራቶሪ የተረጋገጠባቸው 14 ሰዎች ነበሩ። 9ኙ አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንቺ ደግሞ ባንክ ቤት ብር ስትቆጥሪ የከረምሽ ሰው ነሽ።

ይህን ሁሉ ብዘረዝርላት አክስትሽ ምን አለችኝ? «እሱስ ልክ ነሽ፣ ግን ሰው...»

በዚህ ሁለት ወር ውስጥ «እኔ ፈራሁ» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ሁሉም ሌላው ይፈራል ብሎ ነው የሚፈራው። አክስትሽ የሙሽራውን ቤተሰብ ትጠቅሳለች። የሙሽራው ቤተሰብ እንግዳውን ይጠቅሳል። እንግዳው ሚስቱን። ሄደሽ ሄደሽ ያንን መጨረሻ ላይ ያለውን ፈሪ ልያዘው ብትይ አታገኚውም።

ለገና የላክሽው ማር ምን እንደገጠመው አልነገርኩሽም። ለፎቃችን ሰዎች በትንንሽ ጠርሙስ አድርጌ አከፋፈልኩ። ሌላው ሁሉ አመስግኖ ተቀበለ። አንዷ ጎረቤታችን ግን ማታ ላይ ክዳኑን እንኳን ሳትከፍት መልሳ አመጣችው። በሁለት ፌስታል ጠቅልላ፣ አፉን ቋጥራ፣ በጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ። «ስኳር አለብኝ እኮ፣ ረስተሽው ነው» አለችኝ። እኔ ቤት ስትመጣ በአንድ ሲኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር የምታስጨምር ሴት ናት! ምን ልበላት? ተቀብዬ አስገባሁት። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ የበሯን እጀታ በበረኪና ስትወለውል አገኘኋት። እኔ እንኳን እጀታውን አልነካሁትም። እጄ በጠርሙስ ሙሉ ስለነበር ያንኳኳሁት በክርኔ ነው።

አልተጣላኋትም። አባትሽ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረ ጊዜ ምሳ ስታመላልስ የከረመችው እሷ ናት። ክፉ ሰው ብትሆን ነገሩ ይቀልልኝ ነበር።

የቀሚሱ ነገር ግን አናደደኝ። የሚዜዎቹ የሐበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ነው የታዘዘው። ያንቺን ልየው ብዬ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው አውጥቶ ዘረጋልኝ። ጥለቱ ያምራል፣ አረንጓዴ ውስጥ ወርቅማ ገብቶበታል። ወገቡን በስንዝሬ ለካሁት። ያንቺ ወገብ አይደለም። ቁመቱንም ትከሻዬ ላይ ይዤ ወደ ታች ለቀቅኩት፣ እኔን እንኳን አልደረሰኝም። «ልኩ ተቀይሯል እኮ እማማ፣ ሌላ ልጅ መጥታ ተለክታለች» አለኝ ሰውዬው። እሱ ምን ያውቃል። እንግዲህ አክስትሽ «ብትቀር አንቀየማትም» ስትለኝ ቦታሽ ተይዞ ነበር ማለት ነው።

እዚያው ቆሜ ያንቺን ልክ አስጻፍኩና ለሌላ ቀሚስ ቀብድ ከፈልኩ። ያቺ በቦታሽ የገባችው ልጅ ምን አደረገች? እሷም ትልበስ። ከዚያ አክስትሽ ጋ ደወልኩና «ሚዜዎቹ አንድ ይጨምራሉ» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «እሺ» አለችኝ። እህቴ ናት፣ አውቃታለሁ፣ እሺ ካለች እሺ ነው።

ለምን እንዲህ ሙጭጭ አልሽ ትይኝ ይሆናል። አጎትሽን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቂው። የሞተው በ1988 ዓ.ም. ነው፣ ሰንጋ ተራ ስንኖር። ኤችአይቪ ነበር። ቤት ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን አንድም ቀን ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ለጠያቂ «ሳንባውን ነው» ይባላል። ሳህኑ ለብቻው፣ ብርጭቆው ለብቻው ነበር። ብርጭቆው እንዳይምታታ ሥሩ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ተደርጎበት ነበር። አብሮ በመብላትና በመጠጣት እንደማይተላለፍ ያኔም በሬዲዮ ይነገር ነበር። ማን ሰምቶ! ሲያርፍ ድንኳን ተተከለ፣ ዕድሩ ወጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ሳንባ ቀጠፈው» እያለ አልቅሶ ቀበረው።

ሚስቱም ከአልቃሾቹ መካከል ነበረች። ለሷም የተነገራት ሳንባ ነው ተብሎ ነው። አያትሽ «የልጄ ስም ከሞተ በኋላ አይነሣም» ብለው ቤተሰቡን አስምለው ነበር። አርባውን አውጥታ አገሯ ወሎ ገባች። ከዚያ በኋላ የሰማነው የራሷን መርዶ ነው።

መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። ብታውቅ ኖሮ እስከዚያ ትደርስ ነበር ብዬ አልምልልሽም። ግን የገዛ አካሏ ጉዳይ ነበር፣ ማወቅ ይገባት ነበር። እና አሁን አክስትሽ፣ የዚያው የወንድማችን እህት፣ «ከአርባ ምንጭ ነው ትበል» ስትለኝ ያ ድንኳን ነው የመጣብኝ። ሰው ያለበትን መናገር ካፈረ ሲታመምም አይናገርም። ሳይናገር ደግሞ ማን ያክመዋል? አብሮት የሚበላው፣ አብሮት የሚተኛውስ በምን ይጠነቀቃል?

ጥንቃቄን የምንቅ እንዳይመስልሽ። ኅዳር ላይ ለቅሶ ቤት እንዳትሄጂ፣ ሬሳ እንዳትነኪ፣ እጅሽን ታጠቢ እያልኩ ጠዋት ማታ የጨቀጨቅኩሽ እኔው ነኝ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እልሽ ነበር። ጥንቃቄ ግን ቀን አለው። 21 ይባላል፣ 42 ይባላል፣ ይቆጠራል፣ ያልቃል። አክስትሽን የያዛት ነገር ቀን የለውም። ሰኞ ዕለት ዜናው ሲነገር አብረን ነው የሰማነው። «ተመስገን» አለችና ወዲያው ስለ አርባ ምንጭ ቀጠለች።

አዲስ አበባ ወረርሽኝ ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1911 የኅዳር በሽታ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። ያኔ ከቤተ መንግሥት እስከ ጎጆ ያልገባበት ስላልነበረ የሚጠቆም ሰው አልተገኘም። ለዚህ ይመስለኛል ከዚያ በሽታ የቀረልን ልማድ ሰው ማግለል ሳይሆን ቆሻሻ ማቃጠል የሆነው። ዘንድሮም ማርበርግ በተሰማ በሳምንቱ፣ ኅዳር 12፣ እዚህ ታች ግቢው ጥግ ቅጠልና ካርቶን ሲጨስ ነበር። አባትሽን ሲያስለው አደረ። ይሁን፣ ጭስ ቢያንስ ማንንም ለይቶ አያሳፍርም።

በኮሮና ጊዜ ግን የሚጠቆም ሰው ነበረ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ሲነገር ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነው ተባለ። አንቺም ታስታውሻለሽ፣ ፒያሳ ላይ ፈረንጅም ቻይናም ባለፈ ቁጥር «ኮሮና! ኮሮና!» ይጮህበት ነበር። እኛ ደግሞ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ፍለጋ ተሰልፈናል። ጥቂት ወር ሳይቆይ በሽታው የሁሉም ቤት ሆነና ጩኸቱም ቀረ።

ማርበርግ እኮ የጀርመን ከተማ ናት። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው እዚያ ነው፣ በፈረንጆች 1967። ከኡጋንዳ በመጡ ጦጣዎች ላይ ሲሠሩ የነበሩ የላቦራቶሪ ሰዎች ናቸው የታመሙት። አንድ ጀርመናዊ ሰርጉ ላይ መጥቶ «ከማርበርግ ነኝ» ቢል አክስትሽ ከሙሽሮቹ አጠገብ ወንበር ታስለቅቅለታለች። ይህንንም ነግሬያታለሁ። ሳቀች፣ ደስ አለኝ።

አብራሽ የምትኖረው ነርስ ጉዳይ ግን ከሁሉም በላይ አልወጣልኝም። አከራያችሁ «ነገሩ እስኪበርድ እዚያው ሥራ ቦታሽ እደሪ» አላት ያልሽኝን ማለቴ ነው። ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩ። ዓምና ሩዋንዳ ውስጥ 66 ሰው ተይዞ 15 ሲሞት አብዛኞቹ ታማሚዎች የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ሌላው ሲሸሽ ገብታ የምትነካው እሷ ናት። ጓንትና መከላከያ ልብስ ለብሳ አሥር ሰዓት ቆማ ስትመጣ ደግሞ በሩ ይዘጋባታል። ለአከራዩ ባትመልሺለት ይሻላል፣ ቤት አትጡ። እሷን ግን ፈቃድ ከሰጧት ይዘሻት ነይ። ለአክስትሽ አላማከርኳትም፣ አላማክራትምም። የሰርጉን ወጪ ከቤተሰቡ ጋር ተካፍያለሁ፣ አንድ እንግዳ ማስገባት ያቅተኛል እንዴ?

ሰርጉ ላይ ሰው ሲጠይቅሽ አትቆጪ። ረጅም ማብራሪያም አትስጪ፣ ሰው ሲያብራራ ያፈረ ይመስላል። «ከጂንካ ነኝ፣ ጥር 18 አብቅቷል ተብሏል፣ እኔም ደህና ነኝ» በያቸውና ጨዋታሽን ቀጥይ። እጁን ካልዘረጋልሽ ሰው ፊት አንቺም አትዘርጊ፣ ጎንበስ ብለሽ እጅ ነስተሽ እለፊ። ከልቡ የሚጠይቅ ካጋጠመሽ ግን ጊዜ ስጪው። የሙሽራው እናት እንደዚያ ያሉ ይመስሉኛል። አንድ ቀን ነው ያገኘኋቸው፣ የሰው ወሬ የሚያጣሩ ዓይነት ናቸው። እሳቸውን ካሳመንሽ ግማሹ አዳራሽ ያንቺ ነው።

ትኬቱን ለዓርብ ጥር 29 አድርጊው። ለሁለታችሁ የሚበቃ በቴሌብር ልኬልሻለሁ፣ መድረሱን ንገሪኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሱን መለካት አለብሽ፣ በስልክ ሳይሽ የከሳሽ መስሎኛል። ሰውዬው ከቀትር በኋላ አልነካም ብሏል፣ ስለዚህ ዓርብ ማታ በጊዜ ተኚ። ጓደኛሽ በጾም የማትበላው ነገር ካለ፣ ወይም እስላም ከሆነች፣ ቀድመሽ አሳውቂኝ፣ የሙስሊም ሥጋ ለብቻው ስለሚታዘዝ ነው። አባትሽ ቦሌ መጥቶ ይወስዳችኋል። ታክሲ እንዳትይዢ፣ ይቀየማል።

እናትሽ