ስለ ወይን አተካከል ለልጆች ሊነገር የሚገባው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በልጆች ዓምዳችሁ ስለ ወይን አተካከል የወጣው ጽሑፍ መልካም ቢሆንም፣ ከዘሩ የሚበቅለው ወይን እናቱን እንደማይመስል፣ ስለዚህም አትክልተኞች 1 ዓመት ከሞላው ቅርንጫፍ 3 ወይም 4 አንጓ ያለው ቁራጭ ወስደው በግንዱ በኩል የነበረውን ጫፍ ወደ ታች፣ ሌላውን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው እንደሚተክሉ አልገለጸም። (ልጄ ገልብጦ የተከለው ደርቆ ቀርቷል።)

ሐረጉ ራሱን ችሎ ስለማይቆም፣ እንደ ክር የቀጠኑ ጠምዛዛ እጆቹን እየዘረጋ ያገኘውን ድጋፍ ይጨብጣል። ልጆችን ይበልጥ የሚያስደንቃቸው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ የወይኑን ቅርንጫፍ መግረዝ ነው፤ ዘለላው የሚንጠለጠለው ካለፈው ዓመት እንጨት በሚያቆጠቁጥ አዲስ ቀንበጥ ላይ በመሆኑ፣ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ በሚያርፍበት ወቅት አብዛኛው ቅርንጫፍ ይቆረጣል። ወይን ከተለቀመ በኋላ እንደ ሙዝ ስለማይበስል፣ ሳይጣፍጥ መቅጠፍ አይገባም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ