ዕጩ ተጫዋቾችን በሩጫ ሰዓት ብቻ መመዘን አይበቃም

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ ፉትቦል የምታወጧቸውን ጽሑፎች በትጋት ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። በዚህ ስፖርት ላይ በአማርኛ የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ድካማችሁን አደንቃለሁ። ሆኖም የኤን ኤፍ ኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ዋና ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦቹ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ በተቃረበ ቁጥር ከኮሌጅ ለሚወጡት ዕጩዎች ደረጃ የምትሰጡበት መንገድ ቅር ስለሚያሰኘኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። የምታወጡት ሰንጠረዥ ቁመትን፣ ክብደትን፣ የዝላይን ርቀትና የ40 ያርድ ሩጫን ሰዓት ይዘረዝራል፤ ልጁ በኮሌጁ ቡድን ውስጥ ሥራው ምን እንደነበረና ያንንም ከማን ጋር ሆኖ እንደሠራ ግን አይነግረንም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንዲያናፖሊስ ላይ በየዓመቱ በየካቲት ወር ገደማ የሚካሄደው ኮምባይን የሚባለው የዕጩዎች የአካል ብቃት ፈተና ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የተጋበዙት ዕጩዎች በአንድ ሜዳና በአንድ መመዘኛ ይፈተናሉና ለማወዳደር ይመቻል። ነገር ግን 36 ሜትር ተኩል የሚያህለው ያ ሩጫ ቀጥ ያለ መስመር ላይ፣ ያለ ራስ ቁርና ያለ ትከሻ መከላከያ፣ የሚገፋም የሚጎትትም ሳይኖር የሚሮጥ ነው። በ2017 ጆን ሮስ በ4.22 ሰከንድ ሮጦ የዚያን ጊዜውን ክብረ ወሰን ሰበረና ሲንሲናቲ በ9ኛነት መረጠው፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ግን አንድም ኳስ አልተቀበለም። በዚያው ድራፍት ኩፐር ከፕ የሚባለው የኢስተርን ዋሽንግተን ተቀባይ 4.62 ሮጠ፣ ከትንሽ ኮሌጅ መምጣቱም ተጨምሮበት እስከ 69ኛው ምርጫ ድረስ ቆየ። በ2021 የውድድር ዘመን በተቀበላቸው ኳሶች ብዛት፣ ባስገኘው ያርድና በተችዳውን (ኳሱን ከተጋጣሚ የሜዳ ጫፍ በማድረስ በሚገኝ ጎል) ከሊጉ ተቀባዮች ሁሉ አንደኛ ወጣ፤ የዚያው ዘመን ሱፐር ቦውል (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) ኮከብ ተጫዋችም እርሱ ነበር። ከፕን የለየው ተከላካዩን አታሎ መታጠፍን፣ ፍጥነቱን በድንገት መቀነስንና ክፍት ቦታን ማየትን ማወቁ ነው። ይህን የሚያሳየው የጨዋታው ቪዲዮ እንጂ የሰዓት ቆጣሪው አይደለም።

ፊት ለፊት በሚገፋፉት የመስመር ተጫዋቾችም ዘንድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኦርላንዶ ብራውን በ2018ቱ ኮምባይን 40 ያርዱን በ5.85 ሰከንድ ሮጦ፣ 225 ፓውንዱን (102 ኪሎ ገደማ) ብረት 14 ጊዜ ብቻ አንሥቶ የብዙዎች መሳለቂያ ሆነ፤ ባልቲሞር በሦስተኛው ዙር ወሰደውና ለፕሮ ቦውል (ለሊጉ የኮከቦች ስብስብ) ደጋግሞ የተመረጠ፣ የኳርተርባክ (ጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ጠባቂ ወጣው። በአንጻሩ በአካል ብቃቱ የተደነቀው ቨርነን ጎልስተን በ2008 ለኒው ዮርክ ጄትስ 6ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ዋና ሥራው ኳርተርባክን ኳሱን ሳይለቅ መጣል ሆኖ ሳለ፣ በሦስት የውድድር ዘመን አንድም ጊዜ ብቻውን አልጣለም።

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው ግን የኳርተርባክ ጉዳይ ነው፤ እኛ በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ከቡድናችን ኳርተርባክ ከጄይደን ዳንየልስ የተሻለ ማስተማሪያ አናገኝም። በ2021 በአሪዞና ስቴት 10 ተችዳውን ወርውሮ 10 ኳስ በተከላካዮች ተቀማ። ያን ጊዜ ደረጃ ስጡት ብትባሉ ከዝርዝራችሁ ግርጌ ባስቀመጣችሁት ነበር፤ ማንም አይወቅሳችሁም። ወደ ኤል ኤስ ዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ተዛውሮ በ2023 የወረወራቸው ተችዳውኖች 40 ሲሆኑ የተቀማው ኳስ አራት ብቻ ነበር፣ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሄይስማን ሽልማትንም ወሰደ። ታዲያ የተለወጠው ሰውየው ነው ወይስ አካባቢው? በዚያ ዓመት ኳሱን ይቀበሉለት የነበሩት ማሊክ ኔበርስና ብራያን ቶማስ ሁለቱም በ2024ቱ ድራፍት በመጀመሪያው ዙር ተመርጠዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ገምጋሚ 40ውን ተችዳውን አይቶ ከመደነቁ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ከእነዚህ ውስጥ ተቀባዩ ብቻውን ቆሞ የተሰጡት ስንቶቹ ናቸው? የመጀመሪያው ተቀባይ ሲዘጋበት ዓይኑን ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ያዞራል ወይስ ወዲያው መሮጥ ይጀምራል? ጠባቂዎቹ ሲፈርሱበት ምን ያደርጋል? ዋሽንግተን በ2ኛው ምርጫ ወሰደውና በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ፤ ነገር ግን ውጤቱ ስለ ሠመረ ብቻ ጥያቄዎቹ ከንቱ ነበሩ ማለት አይቻልም።

የሚመርጠው ቡድን ማንነትም መመዘን አለበት። በ2022 የመጨረሻው፣ ማለትም 262ኛው ተመራጭ የነበረው ብሮክ ፐርዲ ሳን ፍራንሲስኮን እስከ ሱፐር ቦውል አድርሷል። ክንዱ ከሌሎቹ የጠነከረ አልነበረም፤ ነገር ግን በአዮዋ ስቴት ለዓመታት በቋሚነት ስለ ተጫወተ፣ ኳስ ቶሎና በጊዜው መልቀቅን ለሚፈልገው ለአሠልጣኙ ለካይል ሻናሃን አጨዋወት የተስማማ ሰው ነበር። ሌላ ቡድን ቢወስደው ዛሬ ስሙን እንሰማ እንደነበር እጠራጠራለሁ። ሰንጠረዣችሁ ግን ደረጃውን የሚሰጠው ለየትኛውም ቡድን አንድ ዓይነት እንደ ሆነ አድርጎ ነው።

ደግሞም ከ1 እስከ 100 በተራ መደርደሩ ራሱ ከምናውቀው በላይ እናውቃለን የሚል ይመስላል። ተመራማሪው ኬድ ማሲና በምጣኔ ሀብት የኖቤል ተሸላሚው ሪቻርድ ቴለር የብዙ ዓመታት ድራፍቶችን መርምረው እንዳሳዩት፣ ቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች በራሱ የጨዋታ ቦታ ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኘው 52 ከመቶ ገደማ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳንቲም ከመጣል ብዙም አይርቅም። ክለቦቹ በርካታ ባለሙያ አሠማርተው ይህን ያህል ከተሳሳቱ፣ እኛ 14ኛውን ከ15ኛው በምን እንለያለን? ተቀራራቢዎቹን በአንድ ምድብ ማስቀመጥ የበለጠ ሐቀኝነት ነው።

የሕክምናው ምርመራም አለ። ከኮምባይን ሁሉ ምናልባት ዋነኛው ክፍል እርሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ሙሉ ውጤቱ ግን ከክለቦቹ አይወጣም። የኖተርዳሙ ጄይለን ስሚዝ በ2016 መጀመሪያ ላይ ጉልበቱን ክፉኛ ባይጎዳ ኖሮ ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ እንደሚሆን ይጠበቅ ነበር፤ ዳላስ በ34ኛው ወሰደው፣ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመንም ሳይጫወት አገገመ። ስለዚህ አንድ ስም በድራፍቱ ምሽት ወደ ታች ሲንሸራተት «ቡድኖቹ ናቁት» ብሎ ከመጻፍ በፊት ሐኪሞቹ ያዩትን እኛ አለማየታችንን ማስታወስ ይገባል።

በመጪው ሚያዝያ ከእያንዳንዱ ዕጩ ስም አጠገብ በኮሌጅ ስንት ጨዋታ በቋሚነት እንደ ተሰለፈ፣ ይበልጡን የገጠማቸው ቡድኖች ምን ያህል ጠንካራ እንደ ነበሩ፣ አብረውት የተጫወቱት እነማን እንደ ሆኑና ለየትኛው ዓይነት አጨዋወት እንደሚስማማ በሁለት በሦስት መስመር ቢሰፍር እጅግ ይጠቅመናል። ከሦስት ዓመት በፊት ያወጣችሁትንም ሰንጠረዥ ተጫዋቾቹ ዛሬ ካሉበት ጋር አስተያይታችሁ ጎን ለጎን ብታትሙት፣ የትኛው መመዘኛ እንደ ሠራና የትኛው እንዳሳሳተ አንባቢው ራሱ መፍረድ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ