እጅሽ አልከዳሽም

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ?

ትናንት በስልክ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። «ያ ዘር አንድም አልበቀለ። እንግዲህ እጄም ጡረታ ወጣ» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ላስረዳሽ ስጀምር እንደ ልማድሽ ወሬ ቀይረሽብኝ ነበር። ስለዚህ ልጻፍልሽ። መነጽር ፍለጋ እንዳትንከራተቺ ፊደሉን ተለቅ አድርጌዋለሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው። የላኩልሽ ዘር የፔቱኒያ አበባ ነበር። ፓኬቱ ላይ ያለው ፎቶ አማለለኝ። ወይን ጠጁ፣ ነጩ፣ ባለ መስመሩ ሮዝ። ዘሩ ራሱ ምን እንደሚመስል ለማየት እንኳ አልከፈትኩትም። የፔቱኒያ ዘር እኮ ትቢያ ነው። አንድ ግራም ውስጥ ወደ 10,000 ፍሬ ይገባል። እሱን ላንቺ ዓይንና ላንቺ ጣት መላክ፣ መብራት አጥፍቶ መርፌ ላይ ክር አስገቢ እንደማለት ነው።

በዚያ ላይ «እንደ ወትሮዬ አፈር አለበስኩት» አልሽኝ። ታዲያ ምን ታደርጊ? ዘር ሲባል ይቀበራል። ፔቱኒያ ግን ብርሃን ካላገኘ በደንብ አይበቅልም። እርጥብ አፈር ላይ ይነሰነስና በመዳፍ ቀስ ተብሎ ጫን ይደረጋል፤ አፈር አይለብስም። ይሄ ሁሉ ፓኬቱ ጀርባ ላይ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። አንቺ ልታነቢው አትችዪም፣ እኔ ደግሞ አላነበብኩትም። ሰው «ደረቅ እንጨት ብትሰካም ይጸድቅላታል» ይልሽ የነበረው እጅ ያው እጅ ነው። ምንም አልሆነም።

እስቲ የኔን ጉድ ደግሞ ልንገርሽ። እስከዛሬ የደበቅኩሽ አፍሬ ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ የማሪጎልድ አበባ ስዘራ 24 ፍሬ ነበር። በ6 ቀን ውስጥ አንድ ሳይቀር ብቅ አሉ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ስልኬ ላይ ማንቂያ ሞልቼ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣቸው ጀመር። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ግማሾቹ ተጋድመዋል። ማታ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው! አንዱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ጤነኛ ይመስላል። አፈሩን የሚነካው አንገቱ ግን ክር አክሏል፣ ውሃ ያዘለ ክር። በማግስቱ የቀሩትም ተከተሉ። በኋላ ስጠይቅ፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነና አየር የማያገኝ አፈር ላይ የሚነሳ ሻጋታ ነው አሉኝ። አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም። መከላከያው አፈሩ ላይ ላዩን ደረቅ እንዲል መተው፣ ቡቃያውን ማሳሳትና መስኮት ከፈት ማድረግ ነው።

በሌላ ቋንቋ፣ ልጅ ሆኜ አንቺ ስታደርጊው ያየሁት። ጣትሽን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ታስገቢና «ይሄ አልጠማውም፣ ያኛው ጠምቶታል» ትዪ ነበር። በሰዓት ስታጠጪ አንድ ቀን አይቼሽ አላውቅም። እኔ ያንን ጥዬ ማንቂያ ሞላሁ።

ብቻዬን አይደለሁም ግን። ይህቺን ስሚኝማ። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ዚኒያ የሚባል አበባ ተክለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ እርጥበት በዛና ቅጠሎቹ ሻገቱ። መቼ ውሃ እንደሚጠጣ ፕሮግራም የሚያወጡት ምድር ላይ ያሉት ባለሙያዎች ነበሩ። ስኮት ኬሊ የሚባለው ጠፈርተኛ በመጨረሻ ምን አለ መሰለሽ? ተክሉን የማየው እኔ ነኝ፣ ውሃውንም መቼ እንደምሰጥ እኔ ልወስን አለ። ፈቀዱለት። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ብርቱካናማ ዚኒያ ፈነዳ፤ ፎቶውን ለዓለም አሳየ። ያንን ሳነብ «እማዬን ቢጠይቋት ኖሮ!» አልኩ።

አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለችውን ነጭ ፖስታ ክፈቻት። ዚኒያ ነው። ያምናው አበባዬ ነው፣ ራሴ የለቀምኩት። አበባው ግንዱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቡናማ ሲሆን ቆረጥኩና ጋዜጣ ላይ በጣቴ ፈረፈርኩት። የደረቀውን የአበባ ቅጠል ስትስቢው ጫፉ ላይ ዘሩ ተጣብቆ ይወጣል። ጠፍጣፋ ነው፣ የጥፍር ቁራጭ ይመስላል። አንድ አንዱን በጣትሽ ማንሳት ትችያለሽ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ቀለሙን ግን አትጠይቂኝ። ከቀዩም ከብጫውም ለቅሜያለሁ፣ ንብ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትመላለስ ነው የከረመችው። ልጆቹ እናታቸውን ላይመስሉ ይችላሉ። ድንገት ቢያስቅሽስ?

አንድ ነገር አደራ፦ አትቸኩዪ። ዚኒያ ብርድ አይወድም። ሌሊቱ ገና የሚቀዘቅዝ ከሆነ ዘሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በላይ መሆን ሲጀምርና አፈሩን በመዳፍሽ ስትነኪው ለብ ሲልሽ ያኔ ዝሪው። አፈሩ ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት ካለው ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ታዪዋለሽ። ያ ፔቱኒያ ያስጠበቀሽን ያህል አያስጠብቅሽም።

መሬት ላይ አትዝሪ፣ ጉልበትሽን ታውቂዋለሽ። አሮጌዎቹን ባልዲዎች ከታች በምስማር አስበሺያቸውና ጠረጴዛ ላይ ይደርደሩ። ቆመሽ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የምትደርሺበት ከፍታ ይሁን። ቀኑን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጪ። ጥልቀቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይበልጥ፣ የትንሿ ጣትሽ ጥፍር ልክ በይው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሁለት ፍሬ ጣዪ። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን በመቀስ ቁረጪው እንጂ አትንቀዪው። ሲነቀል የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይመጣል።

ከዚያ የማትወጂው ነገር ይመጣል። ቁመቱ አንድ ስንዝር ገደማ ሲሆን ጫፉን ቀንጥሺው። ከሥር ሦስት ጥንድ ቅጠል ቁጠሪና ከሱ በላይ ያለውን። አውቃለሁ፣ አንጀትሽ አይችልም። «ደህና ያደገውን ለምን?» ትያለሽ። እኔም የመጀመሪያ ቀን መቀሱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ግን አንድ ጫፍ ስትቆርጪ ከጎንና ከጎን ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። ያልተቆረጠው አንድ ረጅም ዘንግ ላይ አንድ አበባ ይዞ ይወዛወዛል። የተቆረጠው ቁጥቋጦ ይሆናል። ባታምኚኝ አንዱን ባልዲ ቁረጪ፣ አንዱን ተዪው፣ ራስሽ ፍረጂ።

ውሃውን ከሥር አድርጊው። ቅጠሉን ካራስሽው በተለይ ማታ ማታ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የመሰለ ነጭ ነገር ይለብሳል። ፍግም አታብዢ። አፈሩ ሲጠግብ ቅጠሉ ይፋፋና አበባው ይዘገያል። ኮስሞስ በሚባለው አበባ ላይማ ይብሳል፣ ከሲታ አፈር ላይ ነው የሚያምርበት።

ከዘራሽው ወደ 60 ቀን ገደማ ሲሆን መጀመሪያ እምቡጥ፣ ከዚያ አበባ። ለጠረጴዛ መቁረጥ ስትፈልጊ ከአበባው አንድ ስንዝር ዝቅ ብለሽ ዘንጉን ያዢና ቀስ ብለሽ ነቅነቅ አድርጊው። አንገቱ ከተልፈሰፈሰ ገና ነው፤ ውሃ ውስጥ ብታስገቢውም ይደፋል። ቀጥ ካለ ቁረጪው። ደግሞ አትሳሺ። በቆረጥሽ ቁጥር ሌላ ያወጣል። የጠወለገውን ከተውሽለት ግን ዘር አፈራሁ ብሎ ሥራውን ያቆማል።

ከፖስታው ሥር በወረቀት የተጠቀለሉ 5 ትልልቅ ፍሬዎች ታገኛለሽ። አጭር ሱፍ አበባ ነው፣ ባልዲ ውስጥ የሚሆን። ይሄኛውን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሪው፣ ወፍ እንዳይለቅምብሽ እስኪበቅል የሆነ ነገር ድፊበት። ልጅ እያለ ፀሐይን ተከትሎ ፊቱን ያዞራል፤ አበባው ሲጎለምስ ግን ማዞሩን ያቆምና ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቀራል። ስለዚህ ባልዲውን ከምትቀመጪበት ወንበር በስተምዕራብ አስቀምጪው። አለዚያ ወሩን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶሽ ነው የሚከርመው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ጎረቤቴን አስደስቻለሁ።

የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ያስቀመጥሻቸው የማሪጎልድ ዘሮችስ? እነዚያ ጥቁር ሆነው ጫፋቸው ገረጣ ያለ፣ ትናንሽ ብሩሽ የሚመስሉት። ስንት ዓመት ሆናቸው? ከ2 ወይም 3 ዓመት በኋላ ጉልበታቸው ይቀንሳል። አትጣያቸው ግን። 10 ፍሬ ቁጠሪና እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ አድርጊው፣ ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጥ። በሳምንቱ ፍቺው። 7 ወይም 8 ከበቀለ ዝሪው። 2 ወይም 3 ከሆነ ጠቅጠቅ አድርገሽ ዝሪው። ምንም ከሌለ ንገሪኝ፣ እልክልሻለሁ፣ በዚህኛው ግን ፓኬቱን ከፍቼ አይቼ ነው የምልከው።

ፔቱኒያውን ለኔ ተዪልኝ። ከዘር እስከ አበባ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፣ እዚህ መስኮቴ ላይ ጀምሬዋለሁ። ችግኙ እጅ ሲሞላ ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ። ያኔ ጣትሽን አስገብተሽ ትነግሪኛለሽ፣ ጠምቶት እንደሆነ።

ልጅሽ

ረስቼው፦ ያንን ምንም ያልበቀለበትን ባልዲ ደፍተሽው እንዳይሆን። ካልደፋሽው ላይ ላዩን አፈር በሹካ በስሱ ጫር ጫር አድርጊው፣ ውሃ እፍ እፍ አድርጊበትና ብርሃን ላይ አቁሚው። ሳይበሰብስ የተረፈ ካለ ብርሃን ሲያገኝ ይነቃ ይሆናል። አንድ እንኳ ብቅ ካለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ።