ስለ አደን አዴም ጻፉልን

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ለሥራ ሞቃዲሾ የሚሄደው የእህቴ ልጅ ትኬቱን በቴሌግራም ላከልኝ። መድረሻው ላይ «አደን አዴ አየር ማረፊያ» ይላል። «ጋሼ፣ አደን አዴ ማናቸው?» አለኝ። ለካ ጎረቤታችንን የምናውቀው በአልሸባብ፣ በድርቅና በወደብ ወሬ ብቻ ነው! እናንተም ከዚህ ሌላ ስትጽፉ አላየሁም። ቅር ብሎኛል።

አደን አብዱሌ ዑስማን የሶማሊያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናቸው። «አዴ» ቅጽል ስማቸው ነው፤ በሶማልኛ ነጭ ማለት ነው፣ እኛ ቀይ ሰው እንደምንለው። በጣሊያን ዘመን የሐኪም ረዳት ነበሩ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ነፃ ስትወጣ መንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ከእኛ ጋር አልተስማሙም፣ ይህን አልሸሽግም። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የድንበሩን ጥያቄ ጃንሆይ ባሉበት አነሱ። በዓመቱ ጦር ተማዘዝን። እኔ ግን ዛሬም የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትሩን አብዲረሺድ አሊ ሸርማርኬን ትተው አብዲረዛቅ ሐጂ ሁሴንን ሾሙ። ፓርቲያቸው ለሁለት ተከፈለ። ምክር ቤቱ የአዲሱን ሰው ካቢኔ መጀመሪያ ጣለው፣ በሁለተኛው አጸደቀው። ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን ልበትን አላሉም። ሦስት ዓመት ቆይቶ ያው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሊመርጥ ተሰበሰበ። ተፎካካሪያቸው ያ የተዉት ሸርማርኬ ነበሩ። አደን አዴ ተሸነፉ። ወታደር አልጠሩም፣ ድምፁ ተጭበርብሯል አላሉም። ሥልጣኑን አስረክበው ወጡ። ጊዜው ሰኔ 1967 ነው። በዚያ ዘመን በአፍሪካ በምርጫ ተሸንፎ በሰላም ቤቱ የገባ ሌላ ርዕሰ ብሔር ማን ነበር?

ሸርማርኬ በ1969 ተገደሉ። በሳምንት ውስጥ ዚያድ ባሬ ሥልጣኑን ያዙ፣ አደን አዴም ታሰሩ። ሲፈቱ ጃናሌ እርሻቸው ገቡ። በ1990፣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው፣ መንግሥት ከተቃዋሚዎቹ ጋር ይታረቅ የሚለው የሞቃዲሾ ማኒፌስቶ ሲወጣ እሳቸውም ፈረሙ። ከፈራሚዎቹ በርካቶቹ እስር ቤት ገቡ። እሳቸው ያረፉት በ2007 ናይሮቢ ነው።

እባካችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ስጧቸው። የእህቴ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ጋዜጣውን አስቀምጬ እጠብቀዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ