ጉትቻ ያደረገችው ጅብ
የሥነ ቃል ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ በእንጦጦ ግርጌ ባሉ መንደሮች ስለ ጋኔን፣ ስለ ጭራቅ፣ ስለ ቡዳና ስለ ጅብ የሚነገረውን ከአያቶች አፍ መሰብሰብ ነበር። ተመዝጋቢው ከእግር ኳስ ቡድኑ ስለበለጠ የስፖርት መምህሩ ትንሽ ተቀይመውኛል።

መጀመሪያ የመጣው ቀላል ቀላሉ ነው። በቀትር ወንዝ ዳር የሚውል ልጅ ይለከፋል፤ ፀሐይ ወጥታ ዝናብ ሲዘንብ ጅብ ወለደች ማለት ነው፤ ቀይ የለበሰ መብረቅ ይጠራል። ለመጨረሻው የፊዚክስ መምህሩን ጋበዝን። መብረቅ ከፍታን እንጂ ቀለምን እንደማይመርጥ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ብቻውን የቆመ ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ መሆኑን አስረዱ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን ቀይ ሹራቡን ክረምቱን በሙሉ እንደማይለብስ አስታውቋል።

ዓመቱን የያዘብን የጅቧ ታሪክ ነው፤ ሸክላ ሠሪን የመሰለ ባለ እጅ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ከሚለው እምነት የመጣ። ሰውየው በሌሊት ጅብ በጦር ይወጋል፤ ሲነጋ ሸክላ ሠሪዋ ቆስላ ትገኛለች። በሌላው አተራረክ የተገደለችው ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ይገኛል። ሁሉም መንደር «እዚሁ እኛ ዘንድ የሆነ ነው» ይላል። ታዲያ ከአባላቱ አንዷ እጇን አውጥታ፣ ይህ የሚወራው በሸክላ ሠሪዋ አያቷ ላይ መሆኑን ተናገረች።

ግማሹ አባል ታሪኩ ይሰረዝ አለ። እኔ አልተስማማሁም፤ ከነተከሳሹ ይመዝገብ ባይ ነኝ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ማንበብ ጀመሩ። በ1880ዎቹ በክፉ ቀን «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ከብቱን ሲጨርስ፣ ረሃብ ሰውን ሲጥል፣ ጅብ ደካማውን በጠራራ ፀሐይ ይበላ ነበር። ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ወሬው ገና አልሰማም።

ከሁሉ ደስ ያለኝ የኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲፈጅ ሰው ቆሻሻውን ጠርጎ አጨሰ፤ እስከ ዛሬም ያጨሳል። ጥፋቱ የተጣለው በጎረቤት ላይ ሳይሆን በጉድፍ ላይ ነው። እኛም ግቢውን ጠረግን፤ ማቃጠሉን ግን ለሳንባችን ስንል ተውነው።

በሰኔ የልጅቷ አያት ጭቃቸውን ይዘው መጥተው ጀበና አበጁልን። አንዱ ልጅ እየፈራ ስለ ጅቧ ጠየቃቸው።

«አውቃታለሁ እንጂ ልጄ፤ ለልጆቼም ነግሬያለሁ» አሉ። «በእኛ ቤት ግን ጅቧ የገበሬው ሚስት ነች።»

ሁለቱም አተራረክ ጎን ለጎን ተጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል። እዚያው ይነበባል እንጂ በውሰት አይወጣም።