«ጊዜ አጣሁ» ላልኸኝ ወንድሜ

ለተወደድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? የእግዚአብሔር ሰላም ከአንተና ከመላው ቤተሰብህ ጋር ይሁን። እኔም ቤተሰቤም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ደኅና ነን። መጻጻፍ ካቋረጥን ብዙ ዘመን አለፈ። ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የመጣ የአገራችን ሰው ሰላምታህን ካደረሰኝ በኋላ፣ «ጊዜ አጥቼ እንጂ ልቤ እዚያው ነው፤ ጸሎቱንም ዘመድ ጥየቃውንም ልጆቹ ራሳቸውን ሲችሉ እመለስበታለሁ» ማለትህን ነገረኝ፤ ይህም ቃል ከልቤ አልወጣ ቢለኝ ልጽፍልህ ተነሣሁ።

ልጅ ማሳደግና እንጀራ መፈለግ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ለኤፌሶን ክርስቲያኖች «ቀኖቹ ክፉዎች ናቸውና ዘመኑን ዋጁ» ብሎ የጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ፣ በዚያው መልእክት ራሱን «እስር» ብሎ የሚጠራ፣ ወደ ወደደው መሄድ የማይችል ሰው እንደ ነበር ልብ በል። የተመቸ ጊዜ እስኪመጣ ቢጠብቅ ኖሮ መልእክቱ ባልተጻፈም ነበር። ቅዱስ ያዕቆብም «ዛሬ ወይም ነገ ወደዚህ ከተማ ሄደን እንነግዳለን» የሚሉትን ሲገሥጽ ንግዳቸውን መንቀፉ አይደለም፤ ነገን እንደ ገዛ ርስታቸው መቁጠራቸውን ነው።

ቅኔ ቤት ሳለን የበግ ለምድ ደበሏችንን ለብሰን፣ በቀፈፋ ለምነን ያገኘነውን ኮቸሮ፣ ያን ደረቅ ቁራሽ፣ በተማሪ መያዣችን በአኩፋዳ ይዘን ወደ ጫካው ስንወጣ፣ ሁሉም የየራሱን ዛፍ ተጠግቶ ከማንም ሳይነጋገር ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለት አዲስ ቅኔ በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ይውል ነበር፤ ለመምህሩ የሚነግረው ያላዘጋጀ ተማሪ ፊቱን የሚያገባበት አልነበረውም። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ትምህርት፣ በባሕረ ሐሳብም፣ ሊቃውንቱ ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ አንዱንም ኬክሮስ በ60 ካልዒት ከፍለው ይቆጥሩታል። አንድ ኬክሮስ በዛሬው ሰዓት 24 ደቂቃ መሆኑ ነው። እንግዲህ ከቀንህ 60 ኬክሮስ አንዲቱን፣ ልጆቹ ሳይነሡ፣ ስልክህንም ሳትከፍት፣ ለጸሎትና ለአንድ ምዕራፍ ንባብ ስጥ። አባቶቻችን ከነግህ፣ ማለት ከማለዳ፣ እስከ መንፈቀ ሌሊት በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ ሠርተውልናል፤ እኔ ግን ዛሬ ሰባቱን ሁሉ ጀምር አልልህም።

እዚህ በገጠሩ እንደምታውቀው ገበሬው በ12 የሚካኤልን፣ በ21 የማርያምን ዕለት አክብሮ ሞፈርና ቀንበሩን ያሳርፋል። ይህን የጊዜ ብክነት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ ከእርሻ ያረፈው ሰው ቀኑን አረቄ ቤት ተቀምጦ ሰው ሲያማ ከዋለ፣ እርሻውም ታጥፎ፣ በዓሉም ሳይከበር መሸ ማለት ነው። በዚያው ቀን ግን አስቀድሰው ሲመለሱ የታመመ ጎረቤት የሚጠይቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ፊደል የሚያስቆጥር አባትም አይቻለሁ፤ በዓል ማለት እንዲህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የጌታችን አካሄድ ነው። የምኩራብ አለቃው የኢያኢሮስ ልጅ ልትሞት ተቃርባ ሳለች፣ ሕዝቡም እያጋፋው ሲሄድ፣ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴት ልብሱን ብትነካ ቆመ፤ ማን እንደ ነካውም ጠየቀ፤ እውነቱን ሁሉ እስክትነግረው ድረስም ሰማት። የልጂቱ አባት ያን ጊዜ ምን ተሰምቶት ይሆን? የልጁ ሞት የተነገረው ጌታ ገና ከሴቲቱ ጋር ሲናገር ነበር፤ ሆኖም ልጂቱም ተነሣች፣ ሴቲቱም ዳነች። ስለዚህ ጊዜን በጥበብ መጠቀም ማለት ሰውን ከመንገድ ገፍቶ ወደ ሥራ መሮጥ አይመስለኝም። ሥራህን አታጓድል፤ ደጅህን ለሚያንኳኳ ሰው ግን ጊዜ ይኑርህ።

የእናትህንም ነገር ልንገርህ። ጤናቸው ደኅና ነው፣ ነገር ግን ጉልበታቸው ደክሟል፤ ባለፈው ስጠይቃቸው ያንተን ልጆች በስማቸው እየጠሩ የማን ጥርስ እንደ ወለቀ ሳይቀር ጠየቁኝ፤ እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ገንዘቡን ስለምትልክ ይመርቁሃል፤ የሚናፍቁት ግን ድምፅህን ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ማታ ይሁን፣ ደውልላቸው፤ ልጆቹንም አገናኛቸው።

ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ይገባል። ሁለቱን ሳምንት መቆየት ባትችል እንኳ የመጨረሻዎቹን ቀናት ከልጆችህ ጋር ከእኛ ዘንድ እንድታሳልፍ እለምንሃለሁ፤ አብረን እናስቀድሳለን፤ እናትህም ልጆቹን ያዩአቸዋል። ፈቃድህን ከመሥሪያ ቤትህ አስቀድመህ ጠይቅና የምትመጣበትን ቀን ቁርጡን ጻፍልኝ፤ ማረፊያ አዘጋጃለሁ።

ወንድምህ፣
ከደብረ ማርቆስ